የእርሳስ ክብ

እሑድ ባርነፌልት ውስጥ ልብስ አይሰጣም በገመድ፤
ብስክሌቱ ግድግዳ ተጠግቶ ይውላል እንደ ደሃ ዘመድ፤
የሚሰማው ጥቁር ጫማ ነው፣ ወደ ደወሉ ሲራመድ።

እኔ እንቁላል ለያይ ነኝ፤ ስድስት ቀን ከማሽኑ ሥር
ስንጥቁን ከጤነኛው ስለይ፣ በሠላሳ በሠላሳ ስቆጥር፤
በሰባተኛው ሬድዮዬን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ለጎረቤቴ ለሃርመን ክብር።
ሃርመን ዳዊት ይዘምራል፤ ቋንቋው የሱ፣ እርጋታው የአባቴ፣
በስሱ ግንብ አልፎ ይመጣል፣ ሳይጠራ ይገባል ቤቴ።

ልጁ ያኮሚና ያን ማታ በጓሮ በኩል መጣች፣
እርጥብ ጫማዋን አወለቀች፣ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።
«የኛ ኮምፒውተር እሑድ አይከፈትም፤
ምዝገባው እኩለ ሌሊት ያበቃል፣ ሰኞን አይጠብቀኝም።»

አባቷ ለኤደ ቆርጧል፤ መምህርነት፣ የክርስቲያን ኮሌጅ፣
የአክስቶቿ ሁሉ ዱካ፣ የሰበካው የልብ ወዳጅ፣
በባቡር ጥቂት ደቂቃ፣ ለእራት የሚደረስበት ደጅ።
እሷ ግሮኒንገን ትላለች፤ ከዋክብት፣ የብርሃን ዕድሜ።
«አባባ ሰማይን አይፈራም» አለች፣ «የሚፈራው ርቀቱን ነው።»
እኔ መልስ አጥቼ ቆምኩ፣ የመኮሮኒ ድስት ተሸክሜ።

ወንበር ሳበችላት ምንታምር፣ የኔዋ፣ በፈገግታ፤
እኔም በሆዴ ሃርመንን ታዘብኩት ለአንድ አፍታ፦
እንቁላል ናት እንዴ ልጅ፣ በልክ በልኳ ካርቶን ገብታ?

ምን ያደርጋል። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣
ባለፈው ጥር የገዛሁት፣ «ከተማ እንምረጥ» ስል በፍቅር።
ያኮሚና ጣቷን ሰደደች፦ «እነዚህ ክቦች ምንድን ናቸው?
ሮተርዳም፣ ዩትሬክት፣ ዴን ሃግ… በእርሳስ ማን ከበባቸው?»
ልጄ አልዘገየችም፦ «አባዬ የሚያስቀድስባቸው።»

ማስትሪክት አልተከበበችም። ሕክምና ያማራት እዚያ ነው።
«ኪራዩ ውድ ነው» ብያታለሁ፣ «ዝናቡ»፣ «ባቡሩ ይዘገያል»፤
ቤተ ክርስቲያን የሚለው ቃል አንዴም ከአፌ አልወጣም።
ሃርመን እንኳ የአምላኩን ስም ጠርቶ ነው የከለከለ፤
እኔ በዝናብ አመካኘሁ፣ እውነቱ ከንፈሬ ላይ እያለ።

ሌሊት ላጲስ ፈልጌ ክቦቹን አንድ ባንድ ፋቅሁ፤
እርሳሱ ለቀቀ። ጎድጓዳው ግን ቀርቷል፣ በጣቴ ዳስሼ አወቅሁ።

ሰኞ ማለዳ ሃርመን ከአጥሩ ማዶ ጎሮሮውን ጠረገ፤
«ትናንት ኩሽናህ ሲበራ አመሸ» አለ፣ ቆቡን ዝቅ እያደረገ።
«አዎ» አልኩ።
ዶሮዎቹን አየ። ደመናውን አየ።
«ግሮኒንገን» አለ ቆይቶ፣ «በባቡር ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

አላውቅም ነበር። የማስትሪክትንም እስከዚያች ቀን አልጠየቅሁ።
እኔ ስልኬን፣ እሱ መነጽሩን ከኪሳችን አወጣን፤
አጥሩ ላይ ተደግፈን ጣቢያ በጣቢያ ስንቆጥር
የፋብሪካው ሰርቪስ ጥሎኝ ሄደ።