አንድ ጊዜ ብቻ

መኪና ግርግር፣ ስፌት ሳይጀመር፣
ሱቄን ከፍቼ አቧራ ስጠርግ ከወንበር፣
ረምዚያ ገባች፣
ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ዘረጋች።
«መብራት ሲጠፋ ብዬ የጫንኩት ባትሪ
ፋይልሽን ካላየሁ፣ ፎቶሽን ካልቆጠርኩ አለኝ እንደ መርማሪ።
ብርሃን ሊሰጥ መጥቶ
የጓዳዬን ሣጥን ምን ሊያደርገው ከፍቶ?»

«ስሚማ» አልኳት፣ «አፕ ሁሉ የራሱ ክፍል አለው፣
ከዚያ ወዲያ ያለው ለሱ ግድግዳ ነው።
የጎረቤት ፎልደር ቢያምረው ቢርበው
ሲስተሙ በር ላይ ነው የሚያቆመው፤
አንቺን ሳይጠይቅ አያስገባው።»

ሳቀች።
«እንደ ቤታችን መደብ በለኛ ታዲያ!
ሽማግሌው ከላይ፣ ልጁ ከጥጉ ወዲያ።
እንግዳ ሲገባ ማን ይነግረዋል?
ቀዩን መደብ ሲያይ ልኩን ያውቀዋል፤
ከበሩ ኋላ ያለው ይበቃዋል።»

«ሁልጊዜ ፍቀድ»፣ «ስጠቀም ብቻ»፣
«አንድ ጊዜ ብቻ»፣ «አትፍቀድ»።
የመጨረሻዋን ነካች፣ መርፌ እንደምትሰካ።
ማታ የራሴን ስልክ ባየው፣
ለሁሉም «ሁልጊዜ» ብያለሁ ለካ።

ሌላ ዓመት። ተዕዚያዋ ገና ሳያልቅ
ልጇ ፉአድ መጣ፣
ኮምፒውተሯን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ።
«አንድ ፎልደር አለ፣ ‹ልክ› የሚባል፤
ልከፍተው ስሞክር ‹ፈቃድ የለህም› ይላል።
አስተዳዳሪው አንተ ነህ፣ ያኔ የጫንክላት፤
ክፈተው።»

እውነቱን ነው። እችላለሁ።
ሁለት ጠቅታ ነው፤ «ባለቤትነትን ውሰድ» ይላል መስመሩ፣
ሌባ አፍ አውጥቶ የማይለው፣ እንዲህ ግልጽ ነገሩ።
ጣቴ አይጡ ላይ ቀረ።
ምን ይሆን? የደንበኞች ደረት፣ ትከሻና ወገብ?
ወይስ ለራሷ ያኖረችው፣ በሰው የማይነበብ?
ፈቃጇ አፈር ገብታለች፤
ጠያቂው ደግሞ ልጇ ነው፤
እኔ ማን ነኝ?

«ፉአድ፣ እናትህ መደብ ላይ፣ እሷ ከምትቀመጥበት፣
ተቀምጠህ ታውቃለህ?»
ብርድ ልብሱን አጠፈ። ፈታው። መልሶ አጠፈ።
«አንድ ጊዜ ብቻ» አለኝ። «ታምሜ።»

ለዛሬ ፈቀድኩለት።
ስክሪኑን ወደ እሱ አዙሬ
ከበሩ ኋላ ወጥቼ ቆምኩ።
ቁልቁል መንገዱ ላይ የስፌት መኪኖቹ ይንጫጫሉ፤
ጀጎልን በሙሉ የሚጠቅሙት ይመስላሉ።

ሲወጣ አላናገረኝም።
ገብቼ ፈቃዱን አነሣሁ፣ ዘጋሁት፣ ሳላየው።
በመስኮት ግን አየሁት፦
ሽቅብ እየሄደ፣ በስንዝር፣
ክንዱን ከትከሻው እስከ አንጓው ይለካ ነበር።