የተቆረጠ ቃል

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፥ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣
ሁለት ክፍል ሱቅ አለን፥ በኮምፔንሳቶ ግርዶ።
በዚህ በኩል እኔ፥ በወዲያኛው ስንዱ፤
ዋሴ የዘረጋው ሰማያዊ ሽቦ ነው መንገዱ።
እኔ እዚህ ኮፒ ያልኩት እሷ ጋ ፔስት ይሆናል፤
ፍላሽ ይዞ መሯሯጥ፥ ቫይረስ መለዋወጥ ቀርቷል።
የሚይዘው ግን አንድ ጉርሻ ነው፤
ሌላ ሲጎርስ፥ የፊተኛው የት እንደገባ ማን ሊያውቀው።

ሐሙስ ለት፥ ዝናብ ሲደበድብ ቆርቆሮውን፣
አቶ እንግዳው መጡ ሊያስጽፉ ክሳቸውን።
የአዘዞ ቦታ፥ ያባት ውርስ፥ የድንበር ነገር።
«ተከሳሽ?» አልኩ፤ «ሙሉ ስም፥ ቀበሌ፥ የቤት ቁጥር።»
ካፖርታቸው ጠብ ጠብ ይላል።
«ወንድሜ ነዋ» አሉ፤ «ባንድ ጀርባ ታዝለናል።»
ጣቴ ቀድሞኝ ጻፈው። ክስ ላይ ይህ ምን ይሠራል?
ቆረጥኩት።
በእኛ ሙያ የተቆረጠ አይወድቅም፤
ሽቦው ላይ ይንጠለጠላል።

ከግርዶው ወዲያ ስንዱ የሌላ ሰው ክስ ይዛለች፤
የችሎቱን አድራሻ ልትለጥፍ ተጫነች፣
እንደ ልማዷም ጮክ ብላ አነበበች፦
«ለጎንደር ከተማ... ወንድሜ ነዋ... ባንድ ጀርባ ታዝለናል...»

«ማነው ይሄን ያለው?»
የሽማግሌ ድምፅ፥ ከማዶ።
እኔ ጋ አቶ እንግዳው ከወንበሩ ብድግ አሉ፤
ድምፁን ያውቁታል።

«ላጥፋው ወይስ ይቆይ?» አለች ስንዱ።
ከሁለቱም ክፍል መልስ የለም።
የምናስከፍለው በገጽ ነው፤
የዚያን ቀን አንድም ገጽ አልሞላም።