መስመሩ ያለፈበት ቤት

በየካቲት ማብቂያ እንጅባራ ሲደርቅ፣
ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን ጥሎ ራቁቱን ሲስቅ፣
ከማዘጋጃ ቤት ሦስት ቆርቆሮ ቀለም
አንድ ብሩሽ ሰጡኝ፤ ጓንት ግን የለም።
“ቀዩ እሳት የሚያሰጋው፣ ቢጫው የሚያጠራጥር፣
አረንጓዴው ሰላም፤ በር በሩን ቁጠር”
አለኝ አቶ ቸኮል፣ ካርታው ላይ ጎንበስ፣
“እስከ ዓርብ ይለቅ፣ ኋላ እንዳንወቀስ።”

ካርታው ከባሕር ዳር መጣ ተጠቅልሎ፣
ጫካና ከተማን በክር ከፋፍሎ፤
ዳገቱን አስልቷል፣ ዛፉን በቁጥር ያውቃል፣
የሰው ስም ብትጠይቀው ብቻ ይጨነቃል።

ከላይ ሰፈር ጀመርሁ፣ ከዲከረንሱ ሥር፣
የከሰል ጉድጓድ ሌሊት ከሚያጨስበት ዳር።
አያ ቢሻው በሩን ቀይ ስቀባ አየና
“እግዜር ይስጥህ” አለኝ፣ “ሠርግ ደርሶብኛልና፤
ጉበኑንም ጨምር፣ አጥሩንም ባክህ።”
እንዴት ብዬ ልንገረው፣ “ቤትህ ነው ሥጋትህ”?

የወይዘሮ እንጉዳይ ቤት ግን አስቸገረኝ፤
መስመሩ መሃል ለመሃል ሰንጥቆት ጠበቀኝ።
ሳሎኗ በቢጫ፣ ጓዳዋ በቀዩ፣
ራስጌና ግርጌ ባልጋዋ ሲለያዩ።
“ታዲያ” አለች፣ “እሳቱ ሲመጣ በሌሊት
እግሬን ብቻ ነው ወይ የሚበላው ደርሶበት?
ወይስ ካርታ አንብቦ፣ መነጽሩን ሰክቶ፣
ከጓዳዬ ደጃፍ ይመለሳል ፈርቶ?”

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እጄን ይዛ ጓሮ
ወሰደችኝና፣ ከጉድጓድ አፍ፣ ዘንድሮ
ለሽንት ቤት ካስማሰችው፣ ገና ካልተከደነ፣
አሳየችኝ አፈሩን፣ እንደ ቀሚስ የተሸነሸነ፦
ላዩ ቀይ አፈር፣
ታቹም ቀይ አፈር፣
መሃሉ ላይ ግን፣ ከነጠላ ጥለት በቀጠነ ዳር፣
ጥቁር፤
ከሰል።
“ይኸውልህ” አለች፣ “ይኼም መስመር ነበር።
የባሌ ቅድመ አያት ዘመን ነው ይባላል፤
ከጫካው ተነሥቶ እስከ ወንዙ በልቷል።
ያስቆመው ወንዙ ነው። ዛሬ ወንዙ ከቶ
የት አለ? ጨረሰው፣ ባሕር ዛፍ ጠጥቶ።”

በማግሥቱ ብሩሹን ትቼ አካፋ ያዝሁ፤
በየመሠረቱ፣ በየቦዩ ወረድሁ።
ጥለቱን ተከተልሁ። ቢጫውን አለፈ፣
አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ባንኩ ሥር አረፈ፤
ከዚያ ወደ አረንጓዴው፣ ሰላም ወደ ተባለው፣
አቶ ቸኮል ራሱ ቪላ ወደ ሠራው።
እዚያም ለቧንቧ ተብሎ የተማሰ ነበር፤
ጎንበስ ብዬ ብነካው ጣቴ ሆነ ጥቁር።

ዓርብ ቢሮ ገባሁ። ጣቴን አሳየሁት።
“ካርታው ጸድቋል” አለ፣ “እኔ ነኝ የፈረምሁት።”
ማኅተሙን አየሁት፣ ሰማያዊ፣ እርጥብ ገና፤
ጣቴን አሳረፍሁበት፣ ጥቁሩ ተጋባና
ተበላሸ። ሌላ ቅጂ አወጣ፣ አተመ፣
ተዋጊ በሬ እንዳየ ሰው ፈንጠር ብሎ ቆመ።

ቅዳሜ የአያ ቢሻው ልጅ ሠርግ ነው። ዳሱ
ባሕር ዛፍ ነው፤ ምሰሶው፣ ግድግዳው፣ ልብሱ፤
ሦስት ቀን ፀሐይ መትቶት ሲነኩት ይንኮሻኮሻል።
በቀዩ በር ገባን፤ “ማን ቀባው?” ቢባል
አያ ቢሻው በኩራት ወደኔ ያመለክታል።

ነፋስ ከላይ ወረደ፣ ከሰል ከሰል ሸተተ፤
ደረቅ ቅጠል በአምፖሉ ላይ እጁን ጎተተ።
ተነሥቼ ወጣሁ። ከቤቴ ሦስቱን ቆርቆሮ
ፈትጌ በአሸዋ፣ ቀይ ቢጫው ተቀላቅሎ
በእግሬ ሥር ሲፈስ አየሁት፤
ከቦኖው ሞላሁና ከዳሱ በር ደረደርሁት።
ሰው ጠላ መሰለው፣ አንዱ ጠጋ ብሎ ቀመሰው።

ወይዘሮ እንጉዳይ ከሴቶቹ ተነጥላ
ምን እንደሆነ አየችኝ፤ ምንም አላለችም፤ ወዲያው ሄዳ
ቢጫ ጀሪካኗን አመጣች፣ አዝላ።