የአንገትጌው ቀለም

አራዳ፣ ሲንጀሬ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ጓንጉል ከበር ቆመ፣ ለመግባት የፈራ።
በብብቱ ይዟል ስምንት ክንድ አቡጄዴ፤
«ድልድይ ስፊበት» አለኝ፣ «አንቺ ነሽ ዘመዴ።»

ድልድይ! የዚያኛው ፓርቲ! ቤታችን ስሙ የማይነሣ!
አያታችን ለዋርካው ወህኒ ቤት የከሳ፤
ሻረው፣ ታላቃችን፣ ቀሃ ዳር የቀረ፣
ሲቀበር የለበሰው የዋርካ አርማ ነበረ።
አባዬ የአባልነት ካርዱን፣ ጠርዙ ያለቀውን፣
ከዳዊቱ መሐል ያኖራል፣ ከሃምሳኛው መዝሙር ጎን።

«ሰው ምን ይላል?» አልሁት። «ብሏል» አለኝ፣ «ብሏል፤
‹ስንት በላ?› እያለ ጎንደር ሙሉ ያወራል።
ጥላውማ ደግ ነው፣ አባዬም ያውቀዋል፤
ግን ከዋርካ ሥር እህል መቼ በቅሏል?»

መልስ አልነበረኝም። መርፌው ክር ጎረሰ።
ድልድዩን ስሰፋው ሁለቴ ተበጠሰ።
ፖለቲካ አላውቅም፤ ጨርቅ ነው የማውቀው፤
የተረፈውን ለትራስ ልብስ አደረግሁት፣ ማንም ሳያየው።

አባዬ ሲሰማ አልጮኸም፣ አልዘለፈ፤
የጓንጉልን ፎቶ ከግድግዳው ገፈፈ።
ቦታው ግን ነጣ ብሎ አራት ማዕዘን ቀረ፤
ጭስ ያልደረሰበት ግድግዳ ተናገረ።
ሁለት ሳምንት ሙሉ በእኔ አፍ ተነጋገሩ፤
አንዱ፦ «ኪኒኑን ዋጠ?» አንዱ፦ «ማታ ይዘጋል ወይ በሩ?»

ምርጫው ዕለት ማለዳ፣ አዘዞ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር፣
አባዬ ቆመ በሰልፍ፤ ወንበር ሲሰጡት «ይቅር»።
ገባ።
ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆየ።
ምን ላይ ምልክት እንዳደረገ ማንም አላየ።

ሲወጣ ጓንጉልን ከአጥሩ ውጭ አገኘው፤
ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ እኔ የተኮስሁት ነው።
አባዬ ከዘራውን ለእኔ አቀበለኝ፤
እጁን ሰደደና፣ ሊመታው መሰለኝ።

አልመታውም። እንደ ድሮ፣ ተማሪ ሳለን፣
የታጠፈውን አንገትጌ አቀናለት፣ ሁላችን ዝም እንዳልን።
የአውራ ጣቱ ቀለም ገና አልደረቀ፤
አንድ ክብ ሐምራዊ ነጩ ላይ ጠለቀ።

በኦሞ አጠብሁት፣ በሎሚ፣ በፀሐይ፤
ምርቃት ይሁን እርግማን፣ ባየው ባየው አልለይ።
«ተይው» አለኝ ጓንጉል፤ ያንኑ ይለብሳል።
አባዬ፣ ሲያየው፣ አቀርቅሮ ይስላል።