ለንቦች የተነገረ

ንቦች ሆይ፣ ተነሱ፤ ቀፎውን ሦስቴ መታሁ፣
ጎህ ሊቀድ ነው፤ ፊቴን ሳልታጠብ ነው የመጣሁ።
ጌታችሁ ሞቷል። አንቾን፣ ትናንት ማታ፣
የጫማውን ማሰሪያ ሳይፈታ፣
ከምድጃው ዳር ተቀምጦ፣ ስለ በጎቹ ሲያወጋ፣
መሀል ላይ ዝም አለ፤
ቃል ጠፍቶት መስሎኝ ነበር፤
ጠበቅሁት፣ በድስቱ ያለው ወተት እስኪረጋ።

በእኛ አገር ሥርዓት ነው፤ ሞት ያልተነገራት ንብ፣
ቀፎዋን ጥላ ትሄዳለች፣ ከነቤተሰብ።
ስለዚህ ሰም ሥሩ፤ ጧፍ ይሻል መቃብሩ፣
ሰሙን እናንተ አምጡ፤ ወርቁን ነገ ይወስደዋል አፈሩ።

ወጥቼ አራላርን አየሁት፤ ምንም አልሰማ፣
ጉሙን ተከናንቦ ተኝቷል፤
የኖራ ድንጋይ ጥርሱ ብቻ ይታያል በጨለማ።
ከግርጌው የቢች ዛፎች፣ ከሰል አክሳዮች አናታቸውን የመለመሏቸው፣
እጅ ወደ ላይ ብለው ቆመዋል፤ ማን ይሆን የማረካቸው?
ከነሱ በላይ ግጦሹ፤ ከግጦሹ በላይ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣
ግዙፎቹ የገቡበት፣ አዲስ ኮከብ ሲወጣ በሰማይ።
"ዘመናችን አለቀ" አሉ ይባላል፤
ከተራራ ተራራ ቋጥኝ ሲወራወሩ የኖሩት ሰዎች፣
ተሰልፈው ወረዱ ከድንጋዩ ሥር፣ እንደ በጎች።
አንቾን ከላዩ ተቀምጦ ዳቦና አይቡን ሲበላ፣
ፍርፋሪውን ወደ ስንጥቁ ያራግፋል፤
"የተቀበረ ሁሉ አልጠገበም" ይላል፣ አፉን እንደሞላ።

ከዋሻው ደግሞ እሷ አለች፣ ማሪ፣
በወርቅ ማበጠሪያ ጠጉሯን አበጣሪ።
የእሳት ማጭድ መስላ ከጫፍ ወደ ጫፍ ስትበር፣
በቆሏችን በበረዶ ሲወቃ ያድር ነበር።
ቀለቧ ግን ሌላ ነው። ቀለቧ "የለም" የሚል ቃል ነው።
መቶ በግ ያለው ሰው "ዘጠና ነው" ካለ፣
አሥሩ የእሷ ነው።
የካድከውን ትወስዳለች፤ ሂሳቧ ልክ ነው።

በጦርነቱ ዓመት፣ መስከረም ይመስለኛል፣ ፈርኑ ሲቀላ፣
ወታደሮች መጡ፤
አንዱ ገና ጢም ያላወጣ፣ ጠብመንጃ እየጎተተ ከኋላ።
"ወንድም አለህ?" አሉት አንቾንን።
ማቺን ከላይ ነበር፣ ከዋሻው፣ ጎኑ ቆስሎ፣
በሌሊት አይብ የወሰድኩለት እኔ ነኝ፣ በመሀረብ ተጠቅልሎ።
አንቾን ዓይኑን ሳያርገበግብ "የለም" አለ፤
"ወንድም የሚባል የለኝም።"
አመኑት። ሄዱ። ውሻችን እንኳ አልጮኸም።

በነጋታው ከዋሻው መሀረቡን አገኘሁ፣ በአራት ታጥፎ፤
ዱካውን ፈለግን፤ ጉም ብቻ፣ ከገደሉ አፍ ተንሳፎ።

ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት፣ አንቾን በግ ሲቆጥር አልዋሸም፤
ከቀረጥ ሰብሳቢው ፊት አንድ ጠቦት እንኳ አላሸሸም።
ጎረቤት ሞኝ ይለው ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ፤
ሌሊት፣ በእንቅልፉ፣ "አለ፣ ወንድም አለኝ፣ ከላይ አለ" ሲል ሰምቻለሁ።

አሁን ቄሱ ይመጣል፤ የመንደሩ ጸሐፊ ይመጣል መዝገብ ይዞ፣
አላፊ እረኛም ይጣራል፣ "አንቾን አለ?" ብሎ፣ ዱላውን ተመርኩዞ።
ምን ልበል? ምላሴ ጫፍ ላይ ያለችው ያቺው አጭር ቃል ናት፣
ማሪ ማበጠሪያዋን ገታ አድርጋ ጆሮዋን የሰጠቻት።

ንቦች፣ ምስክሬ ሁኑ። ውጡ፤ ሰሙን ሥሩ፣
ለምታርፉበት አበባ ሁሉ እንዲህ ብላችሁ ንገሩ፦
ካታሊን መጣች፣ ቀፎውን ሦስቴ መታች፤
"ሞቷል" አለችን፤
"የለም" አላለችም።