ሮም በባጃጅ

ወረቀቱ መጣ በነጭ ፖስታ፣ ባለማኅተም፤
አራት መስመር ሙሉ፣ መጨረሻው «አልተፈቀደም»።
ለልጆቹ እንዴት ልንገር? አንድ ወር ሙሉ ሲያወሩ፣
«ረቡዕ ሮም ነን» እያሉ በሰፈሩ ሲፎክሩ፤
ሲትራ የወለቀ ጥርሷን በሶፍት ጠቅልላ፣
ጣራ ላይ አልወረውርም፣ እማ ትየው ብላ፤
ሙአዝ የፀሐይ መነጽር፣ አንድ እግሩ የተሰበረ፣
እንዳደረገ ተኝቶ፣ እንዳደረገ ያደረ።

ረቡዕ ነጋ።
ባጃጄን አጠብኳት፣ ሸራዋን ጠቀለልኩ፤
«ተነሱ፣ ሮም እንሂድ!» አልኩ፤
ለምን እንዳልኩ እኔም አላወቅኩ።
«አባ፣ በአውሮፕላን አልነበር?»
«አብሽሪ፣ ይኼም ይበራል፣ ቁልቁለት ካገኘ፣ በአየር።»

ጦሳ ጉሙን ለቆብን፣ መንገዱ ወተት መስሎ፣
ሙአዝ «ደመና ውስጥ ነን!» ይላል አንገቱን በጎን አሹሎ፤
እኔም አላረምኩትም፤ ምን ሲደረግ፣ ምን ሲባል፣
በደሴ ጉም ውስጥ ማን ሰማይና ምድሩን ይለያል?
አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ «ቧንቧ ውሃ ነህ?» ሲለኝ፣
«ሮም ነን!» አለው ሙአዝ ጮኾ፤ ሰውዬው ደንግጦ ለቀቀኝ።

ፒያሳ አቆምኩ። «ሮም ውስጥም ፒያሳ አለ» አልኳቸው፤
ይኼ ውሸት አይደለም፣ እናታቸው ናት የነገረቻቸው፤
«ማኪያቶ» የሚል ታፔላ፣ «ጀላቲ» የሚል ጋሪ፣
አንድም ቃል አልፈጠርኩም፤ ግድግዳው ነበር ተናጋሪ።

ከልጅ ጋር ከተማ ያየ ሰው ይመስክርልኝ፤
እኔ ፎቅ ፎቁን ስጠቁም፣ እነሱ ወደ መሬት ሲጎትቱኝ፣
ጎማ ነፊው አጠገብ ግማሽ ሰዓት አስቆሙኝ፤
ቱቦው እንደ ዕባብ ሲተነፍስ፣ «ይኼ የሮም ነው?» አሉኝ።
«የሮም ነው» አልኩ።
ድመትም ነበረች፣ ሥጋ ቤት ደጅ የተኛች፤
እሷም የሮም ሆነች።

ጀላቲ ገዛሁ፣ በዚያ ብርድ። ሙአዝ ቀሚሷ ላይ ደፋው።
ሲትራ አለቀሰች። እሱን ደግሞ ሽንቱ ወጠረው።
ሮምን በሚያህል ከተማ አንድ ሽንት ቤት አጥቼ፣
ሦስት ሆቴል ለምኜ፣ በአራተኛው ገብቼ፣
ስወጣ ሲትራ የለችም።

ልቤ ቀጥ አለ።

ለካ ሎሚ ከምትሸጥ ሴት ጎን፣ ከጥላዋ ተጠልላ፣
ሶፍቱን ከፍታ ጥርሱን ታሳያለች፣
«የእማ ነው፣ እንዳትነኪው» ብላ።
ሴትዮዋም «ማሻአላህ» አለች፣ ደግሞ አማተበችበት፤
ወሎ ነው፤ በአንዱ በር ካልተከፈተ በሌላው ይንኳኳበት።

አይጠየፍ ወጣን።
ሙአዝ ትከሻዬ ላይ፣ ጫማው ደረቴን እየረገጠ፣
«ይኼ የንጉሥ አዳራሽ ነው» ስል ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣
«ምን ማለት ነው፣ አይጠየፍ?» አለች ሲትራ፣ ቀና ብላ፤
«ድሮ እዚህ ግብር ሲጣል፣ የመጣ ሁሉ ገብቶ በላ፤
ማንንም አይጠየፍም...» አልኩና ጉሮሮዬ ተዘጋ፣
ፖስታው ኪሴ ውስጥ ነበር፣ በጠርዙ ጎኔን ሲወጋ።

እሷ ግን ብዙ አሰበች። የአዳራሹን ጣራ አየች፣
ሶፍቱን ፈታች፣ ጥርሷን በመዳፏ መዘነች፤
ልትወረውረው ነው ስል፣ መልሳ ጠቀለለች።
«ካልተጠየፈ ይጠብቀኝ፤ እማ ስትመጣ» አለች።

ማታ ስልኩ ጮኸ። ረውዳ በስክሪኑ መጣች፣
ከኋላዋ የሰው ወጥ ቤት፤ ጓንቷን እንኳ አላወለቀች፤
ፖስታውን ታውቃለች። ዐይኗ እኔን ጠየቀኝ፤
ገና ቃል ሳላወጣ ሙአዝ ስልኩን ነጠቀኝ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እንደ ከሳሽ ቆሞ፣
ዐይኑ እንቅልፍ፣ አገጩ ጀላቲ፣ ድምፁ ደግሞ
ቅር እንዳለው ትልቅ ሰው፦

«እማ፣ ዛሬ ሮም መጣን።
ፒያሳውን፣ ድመቷን፣ ሁሉን አየን፤
አንቺ ግን የለሽም።
የት ሄደሽ ነበር?»