ሐሙስ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት

ድሮ ሌባሻይ ነበር፦ መድኃኒት የጠጣ
ብላቴና፣ ሲንገዳገድ ሰው ደጅ የሚመጣ።
የወደቀበት በር ባለቤቱ ሌባ።
ግን ቢያንስ፣ ዕቃው ጠፍቶ ነው ልጁ የሚገባ።

የእኛው አይንገዳገድም። ማዘጋጃ ቤት ሥር፣
በቀዝቃዛ ክፍል፣ ሌት ተቀን ሲቆጥር፣
የእርምጃ ፍጥነት፣ የስልክ ዝምታ፣
የዕቁብ ውዝፍ፣ ያልተመለሰ ሰላምታ፣
ደምሮ ቀንሶ ስም ይተፋል ጠዋት፤
እኔ ነኝ የማደርስ፣ ለስሙ ባለቤት።

«የነገ ጉዳይ መምሪያ»፤ ግድግዳችን እንዲህ ይላል፦
«ነገር ሳይቃጠል በቅጠል።»
ቅጠሉ እኔ ነኝ።
ደመወዜ ያንሳል።

ማክሰኞ የወጣው፦ እንግዳወርቅ ዘለቀ፣
ሰዓት ሠሪ ነው፣ በዕድሜ የደቀቀ፤
ሱቁ ሰባ ደረጃ፣ ከታችኛው ጫፍ፣
ሰፈሩ ሲፈርስ የተረሳ ደጃፍ።
«ሐሙስ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ በራሱ መዶሻ፣
ታናሹን ሸዋቀናን። ምክንያት፦ የውርስ ድርሻ።»

አነበብሁለት። አጉሊውን ከዓይኑ ሳያወርድ፣
«ይቺ ናት መዶሻዬ» አለኝ፣ ከጣት የማትከብድ፤
«ትንኝ አትገድልም፤ ውሰዳት፣ ይቺውልህ።
ዘጠኝ ዓመት ዘጋኝ፤ የት አግኝቼ ልምታልህ?»

ሕግ ነውና፣ ግልባጭ ለወደፊት ተበዳይ፦
«ሐሙስ ከለገሃር ሽቅብ እንዳትታይ።»

ሐሙስ ዝናብ ጣለ። ከሱቁ ቆሜ ዋልሁ።
አርባ ሰዓት ግድግዳ ላይ፤ አንዱንም አላመንሁ፦
አንዱ ዐሥራ አንድ ሲል ሌላው ገና ዘጠኝ፤
ወንጀሉ በየትኛው እንደሚያልፍ ጠፋኝ።
አለፈ። ሰው አልመጣም፤ እጁም አልተነሣ።
«ተከልክሏል» ብዬ ሞላሁ፤ ወጣሁ ከፒያሳ።

በወሩ ሸዋቀና ቢሮአችን ብቅ አለ፣
የቤት ካርታ በፌስታል እንደጠቀለለ፦
«ያን ሐሙስ ለወንድሜ ይህንን ልሰጠው፣
ታክሲ ተሰልፌ ነው መልእክታችሁ የመጣው።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አኩርፌው ስኖር፣
አንድም ቀን ፈርቼው አላውቅም ነበር።
አንተው አድርስልኝ፣ ማድረስ አይደል ሥራህ?»

መልስ የለኝም። ተቀበልሁ።

ካርታውን ይዤ ወረድሁ ሰባውን ደረጃ፣
ከነርክክብ ቅጹ፣ ለፊርማ ማስረጃ።
ሐሙስ ነበር። ሽማግሌው ሁለት እጁን ዘርግቶ፣
እንደ ሰው ዕቃ ያያል፣ ሥራውን ሁሉ ትቶ።
«ሰዓቷ እስክታልፍ ነው» አለኝ፣ «አላምናቸውም።»
ካርታውን ዘረጋሁለት። እጁን አላነሣም።

ቀና ብዬ ግድግዳውን፣ ያን ሁሉ ሰዓት ሳይ፣
አርባውም ተስማምተዋል፦
ለዐሥራ አንድ፣ አምስት ጉዳይ።